የዐሥራ አንድ ሰዓት ሰዎች

በ2015 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ነው፤ የመኸር ወቅት። ክረምቱ ደኅና ዘንቦ ገብሱ ደኅና ፍሬ ይዞ ነበር። የቤቴ የዓመት ቀለብ በሙሉ የቆመው በአንድ ማሳ ላይ ነው፤ ከጓሮዬ ጀምሮ እስከ ገደሉ አፍ በሚወርደው መሬት ላይ። ካለፈው ዓመት የተረፈ እህል አልነበረኝም። በጦርነቱ ጊዜ ጎተራችን ባዶ ቀርቶ ነበርና።

ባለቤቴ ካረፈ ሦስተኛ ዓመቱ ነበር። ትልቋ ልጄ አግብታ መካነ ኢየሱስ ትኖራለች። ታናሿ ንፋስ መውጫ ከጓደኛዋ ጋር ክፍል ተከራይታ ዐሥረኛ ክፍል ትማራለች። ዓርብ ማታ ትመጣለች፤ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የሳምንት ስንቋን ይዛ ትመለሳለች። ስንቁ በሶ ነው፣ ቆሎ ነው፣ የገብስ ዱቄት ነው። እንግዲህ ገብሱ ከተበላሸ ልጄ ከትምህርቷ ትቀራለች። ይህን ሁለታችንም እናውቅ ነበር። አንዳችንም ግን ከአፋችን አላወጣነውም።

ደቦ ጠራሁ። እኛ ዘንድ ባሏ የሞተባት ሴት ደቦ ስትጠራ እምቢ የሚል የለም። የሰፈሬን ሰዎች ጠራሁ፤ ከወንዙ ማዶ ያሉትንም ጠራሁ። የማዶ ሰዎች ብዙ ናቸው፤ እጃቸውም ፈጣን ነው። ባለቤቴ በሕይወት ሳለ ከእነሱ አጨዳ አንድም ዓመት ቀርቶ አያውቅም። ቀኑን ረቡዕ አደረግሁት። ሰኞ የእኛ ደብር የሚካኤል በዓል ነው። ማክሰኞ ጠላው ይብሰል፣ ረቡዕ ይታጨድ አልሁ። ረቡዕ የጾም ቀን ስለሆነ ወጡንም የጾም አሰናዳሁ።

ሰኞ ታቦቱ ገብቶ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ከጉና ተራራ በኩል ሰማዩ ጠቁሯል። በኅዳር የማይጠበቅ ደመና ነው። ነፋሱም ዝናብ ዝናብ ይሸታል። ገብሱ ደርቆ ማጭድ ብቻ ይጠብቃል፤ በረዶ ከወረደበት ፍሬው መሬት ላይ ነው የሚቀረው። እዚያው እደጁ ላይ ቆሜ ደቦውን በአንድ ቀን አስቀደምሁት። ለሰፈሬ ሰዎች «ነገ ነው» አልኋቸው። ለማዶዎቹ እንድትነግርልኝ፣ በዓሉን ልታከብር ተሻግራ የመጣችውን አንዲት ሴት ለመንሁ።

«ነገ?» አለችኝ።

«ነገ። ሰማዩን አታይም?»

ፊቴን አተኩራ አየችኝ። ከዚያ «እሺ፣ እነግራቸዋለሁ» ብላ ቁልቁለቱን ወረደች።

ፊቷን ልብ ብዬ ባየው ኖሮ ይገባኝ ነበር። እኔ የማየው ደመናውን ነበር።

ማክሰኞ ጎህ ሲቀድ ማሳው ጫፍ ላይ ደረስን። ልጄ የሁለት ቀን ፈቃድ ከትምህርት ቤት ወስዳ ከእኔ ጋር ነበረች። ከሰፈራችን ሰባት ሰው መጣ። ከማዶ ማንም የለም። «አሁን ይመጣሉ» አልሁ። ሰባቱ በሰልፍ ገብተው ማጨድ ጀመሩ። ፀሐይ ወጣች። ይኼኔ ከማዶ ደወል ተሰማ። ሰው የሞተበት ደወል አይደለም፤ የበዓል ደወል ነው።

ጎረቤቴ ማጭዱን እንደያዘ ቀና አለ። ይህ ሰው የባለቤቴ የልብ ወዳጅ ነበር። እጁም አፉም አያርፍም።

«አንች፣ ዛሬ ወሩ ስንት ነው?»

«ትናንት ሚካኤል፣ ዛሬ…» ብዬ ጣቴን ቆጠርሁ።

ዐሥራ ሦስት ነበር። የማዶው ደብር ታቦት እግዚአብሔር አብ ነው። በእኛ በኩል በዐሥራ ሦስት ይሠራል፤ እነሱ ግን በየወሩ በዚያ ቀን እንኳን ማጭድ፣ ወፍጮም አይነኩም። ከልጅነቴ ጀምሮ ያን ደወል ስሰማ ኖሬአለሁ። ደቦውን ረቡዕ ስል በደንብ ቆጥሬ ነበር፤ ሳስቀድመው ግን ሳልቆጥር አስቀደምሁት።

«የራስሽን ሚካኤል ካከበርሽ በኋላ ቀን ያለቀ መሰለሽ» አለኝ ጎረቤቴ።

ሌላ ጊዜ ቢሆን እስቅ ነበር። ያን ዕለት ግን ንዴት ያዘኝ፤ በራሴ መናደድ ሲገባኝ በእነሱ ተናደድሁ። «ባለጠጋ ቢጠራቸው ኖሮ ይመጡ ነበር» አልሁ። ጮክ ብዬ ነው ያልሁት። ልጄ ከኋላዬ ነዶ እያሰረች ትሰማለች። እስከ ዛሬ የሚያሳፍረኝ ቃል ነው።

አጨዳው ቀጠለ። ልጄ የታጨደውን እየሰበሰበች ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። አንዳንዴ ቀና ብላ ሰማዩን ታይና እንደገና ማነብነቧን ትቀጥላለች።

ስድስት ሰዓት ላይ ለምሳ ተቀመጥን። ጎረቤቴ ጠላውን ቀመሰና ፊቱን አጨማደደ።

«ጠላሽ እንዳንችው ቸኩሏል። ነገ ነበር መጠጣት ያለበት።»

«የተገኘውን ጠጣ» አልሁት።

«ወጡስ? በፍስክ ቀን የጾም! ዛሬ በዚህ ቤት ቀኑን የሚያውቅ አንድም ነገር የለም።»

ሰዎቹ ሳቁ። እኔም ሳልወድ ፈገግ አልሁ። ከዚያ ወደ ልጄ ዞረ።

«አንችስ ከጠዋት ጀምሮ የምታነበንቢው ምንድን ነው? ዳዊት ነው?»

«እንግሊዝኛ ነው ጋሼ።»

«ለገብሱ? እሱ አማርኛም አይገባው።»

የቤት ሥራዋ እንደሆነ ነገረችው። የእንግሊዝኛ መምህሯ ለእያንዳንዱ ተማሪ አንድ አንድ የፈረንጅ አባባል ሰጥቷል። ትርጉሙን ማወቅ ብቻ አይበቃም፤ ከየት እንደመጣ ፈልገው፣ ክፍል ፊት ቆመው መናገር አለባቸው። የእሷ ድርሻ «አት ዚ ኢለቨንዝ አወር» የሚል ነው። በዐሥራ አንደኛው ሰዓት ማለት ነው አለች። አንድ ነገር ሊያመልጥ፣ ሊያልቅ ሲል፣ በመጨረሻዋ ቅጽበት ሲደረስ የሚናገሩት ነው። ትርጉሙን ከስልኳ አግኝታዋለች። መነሻውን ልትፈልግ ስትል ግን ኔትወርኩ ጠፋ።

«ስለዚህ በግምት ጻፍሁት» አለች። «ፈረንጆች ዘንድ ቀኑ የሚያልቀው እኩለ ሌሊት ላይ ነው። በእነሱ ዐሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ለእኩለ ሌሊት አንድ ሰዓት ብቻ ይቀረዋል። ከዚያ የመጣ ይመስለኛል። እማዬ፣ አንችስ ምን ይመስልሻል?»

«አሁን ብይ» አልኋት። «ብይና ነዶሽን እሠሪ።»

ጆሮዬ እሷ ዘንድ አልነበረም። ሰማዩ ላይ ነበር።

ምግቡን ያሰናዳሁት ለሃያ ሰው ነው። ጎረቤቴ መሶቡን አየና «የማዶዎቹን ድርሻ እኛ ብናነሳላቸው ምን አለበት? ለነፍሳቸው ይሆናል» አለ። እንደ ቀልድ ነው የተናገረው። እኔ ግን ንዴቴ አልበረደም ነበርና «ብሉት» አልሁ። ደግሜ አቀረብሁ። ሰባት ሰው ከጠዋት ጀምሮ የለፋ ሰው ነው፤ በላ።

ከሰዓት በኋላ ደመናው ከጉና ተነሥቶ ወደ እኛ ዞረ። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ፀሐይዋን ሸፈናት። ከማሳው ከግማሽ በላይ ታጭዷል፤ የታጨደው ግን ቁልቁለቱን ሞልቶ እንደተጋደመ ነው። ሰባት ሰው ወይ ያጭዳል፣ ወይ ያነሣል። ጎረቤቴ ማጨዱን ትተን የወደቀውን እንድናነሣ አንድ ጊዜ ጠየቀኝ። «ትንሽ እንግፋ» አልሁት። ሌላ ስሕተት። የቆመ ገብስ ዝናብን ይችላል፤ የወደቀው ግን ከረጠበ መሬት ላይ ይበቅላል፣ ይጠቁራል። ይህን እያወቅሁ ነው እንግፋ ያልሁት። ሰው ሲፈራ የሚያውቀው ነገር ይጠፋዋል።

ዐሥር ሰዓት ላይ ነጎድጓድ ተሰማ። ሁሉም ማጭዱን ጣለና ወደ ነዶው ዞረ። የክምሩ ቦታ ከላይ፣ ከቤቱ አጠገብ ነው። ነዶውን ተሸክሞ ዳገቱን መውጣት ያስፈልጋል። አንድ ዙር ወጥተን ስንወርድ ወደ ታች ተመለከትሁ። ምንም ያነሣን አይመስልም ነበር። በዓይኔ ለካሁት። ሲመሽ እኩሌታውም አይነሣም።

ልጄ ሸክሟን አውርዳ አጠገቤ ቆመች። ወደ እኔ አላየችም።

«እማዬ፣ ይኼን ዓመት ብቀር… ከርሞ እቀጥላለሁ። ክፍሉን ጓደኛዬ ብቻዋን ትያዘው።»

«ዝም በይ።»

«እውነቴን ነው። አልከፋም።»

«ዝም በይና ተሸከሚ።»

ተሸከመች። እኔም ተሸከምሁ። ዳገቱን ስወጣ ጸሎት ሞከርሁ፤ የመጣልኝ «አቤቱ» የምትለዋ ቃል ብቻ ናት። እሷኑ እያልሁ ወጣሁ።

ስንት ሰዓት እንደሆነ ያወቅሁት ልጄ ኋላ ስለነገረችኝ ነው። ስልኳን አውጥታ እስኪመሽ ስንት ጊዜ እንደቀረን እያየች ሳለ ጎረቤቴ ጮኸ። ከገደሉ አፍ፣ ከወንዙ በሚመጣው መንገድ ሰው ብቅ ብሏል። ከዚያ ሌላ ሰው። ከዚያ ብዙ። የበዓል ነጭ ልብሳቸውን እንደለበሱ ነው፤ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ ታጥቀዋል። ሴቶችም አሉ። ከፊት የሚመሩት የደብሩ ሽማግሌ ቄስ ናቸው፤ በመቋሚያቸው እየተደገፉ ዳገቱን ይወጣሉ።

«ያበርታችሁ!» አሉ ከሩቅ።

«አብሮ ያበርታ!» አለ ጎረቤቴ። «ለእራቱ ደረሳችሁ! ማጭዳችሁንስ ለማን ሰጣችሁት?»

እውነቱን ነው፤ አንዳቸውም ማጭድ አልያዙም። ገመድ ብቻ ነው የያዙት።

ቄሱ ትንፋሻቸው እስኪመለስ ቆሙ። ከዚያ ለእኔ እንዲህ አሉኝ፦

«ልጄ፣ ዛሬ የአብ ቀን ነው። ማጨድ አንችልም። ማጭድ የያዘ ከእኔ ጋር አይሻገርም ብዬአለሁ። የታጨደውን ከዝናብ ማዳን ግን ምሕረት ነው፤ ምሕረት በበዓል አይከለከልም። ከቅዳሴ ወጥተን ከደብሩ አጥር ሥር ተቀምጠን ስናያችሁ ዋልን። ሥራው ማጨድ ስለሆነ ነው የተቀመጥነው። ነዶ መሸከም ስትጀምሩ ግን፣ ይኼማ ለእኛም ይሆናል አልን።»

መስቀላቸውን ተሳለምሁ። «አባ፣ ይፍቱኝ» አልሁ።

«ከምኑ?»

«ጠዋት ክፉ ተናገርሁ።»

«በኋላ እፈታሻለሁ። አሁን ነዶው የት የት እንዳለ አሳዪኝ።»

ዐሥራ አራት ሰዎች ነበሩ። ወንዶቹ በገመድ እያሰሩ ተሸከሙ። ሴቶቹ ያንን ነጭ ነጠላ መሬት ላይ አነጠፉና ነዶ ሞሉበት። እኔ «ልብሳችሁ!» እላለሁ፤ እነሱ «ይታጠባል» ይላሉ። ቄሱ እንኳ አልተቀመጡም፤ የተበተነውን ዛላ እየለቀሙ በጋቢያቸው ጫፍ ይይዙ ነበር።

ከመካከላቸው አንድ ሽማግሌ አለ፤ ክምር በመሥራት የታወቀ ነው። ክምሩ ላይ ወጥቶ እየዞረ ነዶ ይደረድራል፤ ዛላው ወደ ውስጥ፣ እግሩ ወደ ውጭ። ጎረቤቴ ከታች ነዶ ይወረውርለታል።

«ቶሎ በል እንጂ! አንተ ቀን ሙሉ ተቀምጠህ ስትባረክ ዋልህ፤ ወገብህ አልደከመ!»

«አንተ ነህ ቶሎ በል። ቀን ሙሉ ስታጭድ የዋልህ ሰው እንዲህ ነው የሚወረውረው?»

«ይኼን ነዶ ራስህ ላይ እንዳልወረውረው!»

«ወርውር! አንተ አግኝተኸኝ ታውቃለህ?»

የክምሩን አናት አሹሎ በሣር ሲከድን የመጀመሪያዋ ጠብታ እጄ ላይ አረፈች። ሽማግሌው ከላይ ዘለለ። ሁላችንም ወደ ቤት ሮጥን። ከበረንዳው ሆኜ ወደ ማሳው አየሁ። መሬት ላይ የቀረ ነዶ የለም። ከታች፣ ከገደሉ አጠገብ አንድ ቁራጭ ገብስ ሳይታጨድ ቀርቶ ነበር፤ እሱ ዝናቡን ቆሞ ተቀበለው። ሰባት ሰው ቀን ሙሉ ያጨደውን ዐሥራ አራት ሰው በአንድ ሰዓት አዳነው። አንዱ ያለ ሌላው ከንቱ ነበር። ልጄ አጠገቤ ቆማ ታለቅሳለች። «ምነው?» አልኋት። «እንጃ» አለች። እኔም አለቀስሁ።

ቤቱ ጠባብ ነው። ሃያ ሦስት ሰው ተጠጋግቶ ተቀመጠ። የሁሉም ልብስ ይተናል። ይኼኔ መሶቡን ከፈትሁ። ምሳ ላይ በንዴት ያስበላሁት ምግብ ታወሰኝ። ለቀን ሙሉውም፣ ለአንድ ሰዓቱም ሠራተኛ አንድ ዓይነት እንጀራ ማቅረብ ልማዳችን ነው፤ ነዶ የነካ ሁሉ እኩል ይበላል። እኩል ለማድረግ ግን ቁራሽ ቁራሽ ብቻ ሆነ። እያፈርሁ አደልሁ።

ጎረቤቴ ቁራሹን በእጁ ከፍ አድርጎ አሳየ።

«ተመልከቱልኝ! እኛ ከጎህ ጀምሮ ወገባችን ሲቆረጥ፣ ሐሩሩን ስንችል ዋልን። እነዚህ በነጭ ልብሳቸው በዐሥራ አንድ ሰዓት መጡ። አሁን እኩል ቁራሽ? ይኼ ፍርድ ነው?»

ቤቱ በሳቅ ሞላ። ቄሱም ሳቁ።

«አየህ» አሉት፣ «አንተም ወንጌል ውስጥ አለህ።»

«የት ጋ አባ?»

«ከሚያጉረመርሙት ጋ።»

ልጄ የጠላውን ማሰሮ ይዛ እየቀዳች ነበር። ቀጥ ብላ ቆመች። ምሳ ላይ የጠየቀችኝ አባባል ለእኔም በዚያው ቅጽበት ታወሰኝ። ቄሱ ያን ሁላችንም የምናውቀውን ታሪክ በአጭሩ ተናገሩ። የወይን ቦታ ባለቤት በማለዳ ወጥቶ ሠራተኛ ቀጠረ። በሦስት ሰዓት ወጥቶ ሌሎችን ጨመረ፤ በስድስት፣ በዘጠኝም እንዲሁ። በዐሥራ አንድ ሰዓት ወጣ፤ አሁንም ቆመው የዋሉ ሰዎች አገኘ፤ እነሱንም አስገባ። ማታ ለሁሉም እኩል ከፈለ። በማለዳ የገቡት ለምን ብለው አጉረመረሙ።

«አባ» አለች ልጄ፣ «ያ ዐሥራ አንድ ሰዓት የቱ ነው? የፈረንጅ ነው የእኛ?»

«እኛ ዛሬ የመጣነው በስንት ሰዓት ነው?»

«በዐሥራ አንድ። ስልኬን አይቻለሁ።»

«ጀምበር ልትጠልቅ ስንት ቀርቷት ነበር?»

«አንድ ሰዓት።»

«እንግዲህ እሱ ነው። ከፀሐይ መውጫ መቁጠር ነው።»

እነዚያ ሰዓቶች እኮ በሰሙነ ሕማማት በየቀኑ የምንሰግድባቸው ናቸው፤ ነግህ፣ ሦስት፣ ስድስት፣ ዘጠኝ፣ ዐሥራ አንድ። ከልጅነቴ ጀምሮ ሰግጄባቸዋለሁ። አባቴ ቤተ ልሔም ከድጓው ትምህርት ቤት ተምሮ የመጣ ሰው ነበር፤ ፊደል ያስተማረኝም፣ ይህን ታሪክ መጀመሪያ የነገረኝም እሱ ነው። ልጄ ግን ምሳ ላይ ስትጠይቀኝ «ነዶሽን እሠሪ» አልኋት። መልሱ ከእኔው ዘንድ ነበር።

«ታዲያ ፈረንጆቹ ከወንጌል ነው የወሰዱት?» አለችኝ።

«ወንጌል እነሱም አገር ይነበባል» አልኋት።

ደብተሯን አምጥታ በግምት የጻፈችውን በአንድ መስመር ሰረዘች። እዚያው በኩራዙ አጠገብ ተቀምጣ መጻፍ ጀመረች። ትንሽ ጽፋ ቆመች።

«ግን እኮ እማዬ፣ እነሱ በመጨረሻዋ ሰዓት ስለ መድረስ ነው የሚሉት። የአባ ታሪክ ስለ መዘግየት ነው?»

መልስ ለመስጠት አልፈጥንም። ያን ጊዜ ግን የምመልሰው ነገር ነበረኝ።

«አይደለም» አልኋት። «ጌታው ቀኑን ሁሉ ለምን ቆማችሁ ብሎ ሲጠይቃቸው፣ የሚቀጥረን አጥተን ነው አሉት። ሥራ ጠልተው አልነበረም። ከጠዋት ጀምሮ ተዘጋጅተው ቆመዋል። ፈረንጆቹ ሰዓቷን ብቻ ወሰዱ። ወንጌል የሚናገረው ስለ ጌታው ቸርነት ነው።»

ይህን ስናገር የራሴ ቃል መልሶ ወጋኝ። የማዶ ሰዎችም ቀኑን ሙሉ እያዩን ተቀምጠው ነበር። ያላገናኘን የእኔ አለመቁጠር ነው። ተነሣሁና በሁሉም ፊት ጠዋት ያልሁትን ተናገርሁ፤ ባለጠጋ ቢጠራቸው ይመጡ ነበር እንዳልሁ። ምሳ ላይም ድርሻቸውን አውቄ እንዳስበላሁባቸው።

ክምር የሠራው ሽማግሌ ጠላውን ጎንጨት አለና ወደ ዋንጫው እያየ ተናገረ።

«ባለጠጋ ቢሆን ኖሮ አንመጣም ነበር። ባለጠጋ ጠላው እስኪበስል ይጠብቃል።»

ሳቁ እስከ ጣራው ደረሰ። ጎረቤቴ ቁራሹን ለሁለት ገመሰና እኩሌታውን ለሽማግሌው ዘረጋለት። «እንካ። ማጉረምረሜን መጽሐፍ ላይ እንዳይጽፉብኝ» አለ። ያን ያዩት ሌሎቹ ስድስቱም እንዲሁ አደረጉ። ቄሱ እጃቸውን ዘርግተው ፈቱኝ። ዝናቡ ጋብ ሲል ችቦ አብርተው ወረዱ።

ተመስገን አልሁ።

በማግሥቱ ገና ጎህ ሲቀድ ወጥቼ እጄን እስከ ክርኔ ድረስ ክምሩ ውስጥ አስገባሁ። ደረቅ ነው። ከሥሩ ጥቂት ነዶ መዝዤ በዱላ ወቃሁ፤ አንፍሼ ቆላሁት። ለልጄ ከነሙቀቱ በከረጢት ቋጠርሁላት። «ዓርብ ስትመጪ በሶውን አደርስልሻለሁ» አልኋት። ትናንት ስለ መቅረት ያለችውን እሷም አላነሳችው፣ እኔም አላነሳሁት። እስከ መኪናው መንገድ ሸኘኋት። ሚኒባስ መጣ፤ ገባች።

ከዚያ ወደ ቤት አልተመለስሁም። ማጭዴን በነጠላዬ ጠቅልዬ ወንዙን ተሻገርሁ። ደብሩ አጥር ላይ ቆሜ ተሳለምሁ። ገብሳቸው ረጥቧል፤ ገና አይታጨድም። ክምር የሠራው ሽማግሌ ከነቤተ ሰቡ ማሳው ዳር ተቀምጦ ፀሐይ ይጠብቃል። አጠገባቸው ተቀመጥሁ። ስለ ዝናቡ፣ ስለ ልጆች ተጨዋወትን። ፀሐይዋ ገብሱን አድርቃላቸው ሲነሡ፣ አብሬያቸው ተነሥቼ ሰልፉ ውስጥ ገባሁና ማጨድ ጀመርሁ።